አብራጁ ቅባት ሲያስቆጣ

በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዳርቻ የሚኖር ወላጅ፣ የልጁ ቆዳ ሽፍ ብሎ ሲያሳክከው ባየ ጊዜ፣ እንደ ሌላው አገር ወላጅ ሁሉ፣ ሽፍታውን የሚያበርድ ቅባት ይፈልጋል። ለዚህ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ዋነኞቹ ኮርቲኮስቴሮይድ የሚባሉት ናቸው። እነዚህም ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ከሚያመነጩት ሆርሞን ጋር የሚመሳሰሉ ሲሆኑ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የተቆጣ ቆዳን ለማብረድ ሲያገለግሉ ቆይተዋል።

ይሁን እንጂ አልፎ አልፎ አብራጁ ራሱ አስቆጪ ይሆናል። ቅባቱ በተደጋገመ ጊዜ የልጁ ሰውነት መድኃኒቱን፣ ወይም ከመድኃኒቱ ጋር የተቀመመውን ሌላ ነገር፣ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይቆጣበታል፤ ይህም አለርጂ ይባላል። ነገሩን የሚያወሳስበው ግን መድኃኒቱ ያስነሣውን ቁጣ በከፊል ራሱ መልሶ ማፈኑ ነው። ስለዚህ ሽፍታው ሳይድን ይቆያል፤ ወላጅም በሽታው የጠና እየመሰለው ቅባቱን ይጨምራል፤ ልጁም ይበልጥ ይሠቃያል።

ሐኪም ምክንያቱን ለመለየት የተጠረጠሩትን ነገሮች በጥቂት በጥቂቱ በጀርባ ላይ ለጥፎ ለ2 ቀን ያቆያል፤ ቁጣው ሊዘገይ ስለሚችልም እስከ 7ኛው ቀን ድረስ እየደጋገመ ይመረምራል። አለርጂ መሆኑ ከተረጋገጠ ለልጁ የሚስማማ ሌላ ዓይነት መድኃኒት ይታዘዝለታል።

እርግጥ የማይሻል ሽፍታ ሁሉ አለርጂ አይደለም፤ እከክና ጭርትም በዚህ ቅባት ለጊዜው ይሸፈናሉ እንጂ አይድኑም። ስለሆነም ቅባቱን ከመጨመር ይልቅ፣ ልጁንም ቅባቱንም ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም እንደ ባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ወዳለ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።