ስለ ባትሪና ስለ ኢንቨርተር አያያዝ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ምክር

ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በአይከል ከተማ፥ በአንድ ወዳጃችን ቤት በእንግድነት አድረን ነበር። በዚያ ምሽት መብራት ስለ ጠፋ ወዳጃችን የመኪናቸውን ባትሪ አውጥተው ከኢንቨርተር ጋራ አገናኙትና ቤቱን አበሩት። ልጆቹ ትምህርታቸውን አጠኑ፤ እኛም ከቤተ ሰቡ ጋራ እስከ እኩለ ሌሊት ስንጫወት ቆየን። ሊነጋ ሲል ግን አሮጊት እናታቸው በድንገት ታመሙ። ባትሪው ወደ መኪናው ቢመለስም ሞተሩ አልነሣ አለ። በብዙ ድካም የጎረቤት መኪና ተገኝቶ ሕመምተኛዋ ወደ ጎንደር ተወሰዱ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ዳኑ። ወዳጃችን ግን «ማታ የበራልን መብራት የሌሊቱን መንገድ በላብን» ብለው እጅግ አዘኑ። ክቡራን አንባቢዎቻችን ከእንዲህ ያለው ጸጸት እንዲድኑ በማሰብ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ኢንቨርተር ማለት የባትሪውን 12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በቤታችን ወደ ተለመደው 220 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ቻርጀር ደግሞ በተቃራኒው ከመስመር የመጣውን ተቀብሎ ባትሪውን ይሞላል። እንግዲህ ባትሪው እንደ ጎተራ ነው፤ ያልገባበት አይወጣበትም።

ይህን ሥርዓት ጠንቅቀው የሚጠብቁት በጀልባ ረዥም መንገድ የሚጓዙ ሰዎች ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1838 ዓ.ም. ሞሪትዝ ያኮቢ የተባለው ሊቅ በሴንት ፒተርስበርግ፥ በኔቫ ወንዝ ላይ፥ ጀልባን በባትሪ ኃይል አስኬደ። እየተሞላ የሚያገለግለውን የእርሳስ ባትሪ ግን በ1859 ዓ.ም. ያወጣው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው። ዛሬ በእንዲህ ያሉ ጀልባዎች ሞተር የሚያስነሣው ባትሪ ለብቻው፥ ለመብራትና ለማቀዝቀዣ የሚሆነው ለብቻው ይደረጋል። ከጎርጎራ ተነሥቶ በጣና መካከል ሞተሩ የጠፋበት ጀልባ፥ ባትሪውም ባዶ ከሆነ፥ ነፋስ ወደ ወደደው ይወስደዋልና። ባለ መኪናም ቤት ይህንኑ ሊከተል ይገባዋል። የመኪና ባትሪ የተሠራው ለአፍታ ብዙ ኃይል እንዲሰጥ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቢያበሩበት ቶሎ ይበላሻል። ለቤት ግን ቀስ ብሎ ለመስጠት የተሠራ ሌላ ባትሪ አለ።

ሁለተኛው ነገር ሂሳብ ነው። ባለ 12 ቮልት፥ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሽ በላይ ባይወሰድበት መልካም ስለ ሆነ 600 ይቀራል፤ ኢንቨርተሩም ራሱ ጥቂት ስለሚበላ 500 ያህል እንቁጠር። ባለ 9 ዋት አራት አምፖሎች በ5 ሰዓት 180፥ ባለ 60 ዋት ቴሌቪዥን በ3 ሰዓት 180 ይፈጃሉ፤ የቀረው ለስልክና ለሬዲዮ ይበቃል። 3500 ዋት የሚፈልግ የእንጀራ ምጣድ ግን ከዚህ ባትሪ ላይ ወደ 300 አምፔር ይስባልና ከቶ አይታሰብ።

ሦስተኛው አሞላል ነው። ደኅና ቻርጀር በመጀመሪያ በብርቱ ይሞላል፤ 14.4 ቮልት ገደማ ሲደርስ እያቀዘቀዘ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ወደ 13.5 ዝቅ ብሎ ይጠብቃል። ዝቅ የማይል ቻርጀር ውሃውን አፍልቶ ይጨርሰዋል። የጎደለውም በተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ በምንጭ ውሃ አይተካም። ጥቂት ሰዓት ያረፈ ባትሪ ሲለካ 12.7 ቮልት ቢያሳይ ሙሉ ነው፤ 12.2 ቢያሳይ ተጋምሷል። ባዶውን ለብዙ ቀን የተተወ ባትሪ ውስጡ ይበላሽና መቀበል ይሳነዋል።

ከሁሉ በላይ ግን ነፍስ ይጠበቅ። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን በእሳት ይፈነዳልና ነፋስ በሚገባበት፥ ከምድጃና ከሻማ በራቀ ስፍራ ይቀመጥ። አሲዱ ሥጋንና ዐይንን ስለሚያቃጥል ሕፃናት አይቅረቡት። ኢንቨርተሩንም ያለ ማቀያየሪያ ከቤቱ መስመር ጋራ ማገናኘት ክፉ ነው፤ ኃይሉ ወደ ምሰሶው ተመልሶ «መስመሩ ጠፍቷል» ብሎ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ይህን ሥራ ለባለሙያ መተው ይገባል።

አባቶቻችን «ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዳሉት መሣሪያው ክፉ አይደለም፤ ክፉ የሚሆነው አያያዙ ሲጠፋ ነው። ወዳጃችንም ለቤታቸው ሌላ ባትሪ ገዝተዋል፤ የመኪናቸውም ባትሪ ከእንግዲህ ከስፍራው አይነሣም።