ከመንጠቆ ወደ ሙጫ

በሐይቅ ዳር ያደገ ሰው፣ ጣናም ይሁን ዝዋይ ወይም ሐዋሳ፣ በሕፃንነቱ በሸምበቆ ዘንግ ላይ ክር አስሮ፣ በክሩም ጫፍ መንጠቆና ትል አድርጎ ዓሣ ሲጠብቅ ውሎ የሚያውቅ ከሆነ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ያንኑ ነገር ልሣለው ብሎ ብሩሽ ሲያነሣ አንድ ችግር ይገጥመዋል፤ ይኸውም የዓሣውን መልክ አሳምሮ መሣል ቢቻለው እንኳ በኅሊናው ታትሞ የቀረው መልኩ ሳይሆን የክሩ መወጠር፣ የቅርፊቱ ሸካራነት፣ የገላው ማሟለጭና በእጅ ላይ የሚቀረው ሽታ መሆኑ ነው። ዓይን ያየውን ቀለም ይገልጠዋል፤ እጅ የዳሰሰውን ግን ቀለም ብቻውን አይችለውም። ወረቀትን፣ ጨርቅን፣ ክርንና ሌላውንም ግዑዝ ነገር በአንድ ሰሌዳ ላይ በሙጫ አጣብቆ ከቀለም ጋር የሚያዋሕደው፣ ኮላዥ የተባለው የሥዕል ጥበብ ለእንዲህ ያለው ተዘክሮ እጅግ የሚስማማው ስለዚህ ነው።

ይህ ጥበብ በአውሮፓ ሠዓልያን ዘንድ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1912 ሲሆን፣ በዚያ ዓመት ፓብሎ ፒካሶ የወንበር ስፌት የታተመበትን ሙሸማ በሥዕሉ ላይ ለጥፎ ዙሪያውን በገመድ ከበበው፤ ባልንጀራው ጆርጅ ብራክም የእንጨት መልክ የታተመበትን የግድግዳ ወረቀት እየቆረጠ በሥዕሎቹ ውስጥ አስገባ። ለጥፎ መሣል ግን ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በጣና ደሴቶች ከሚገኙት የመቅደስ ሥዕሎች ብዙዎቹ በግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ የተሣሉ ናቸውና። ጳጉሜን 3 ቀን በስንክሳር የሚነበበውን ታሪክ፣ ቤተ ክርስቲያን የታነጸችበት ዓሣ አንበሪ በተናወጠ ጊዜ ቅዱስ ሩፋኤል በጦር እንደ ወጋው የሚናገረውን፣ ሠዓልያኑ ደጋግመው ሥለውታል፤ ባሕር አይቶ የማያውቀው ሠዓሊ ለዚያ ታላቅ ፍጡር አርአያ ያደረገው በቅርብ የሚያውቀውን የሐይቁን ዓሣ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

የውኃ ትዝታ በመቀስ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ግን ከሁሉ ይልቅ የሄንሪ ማቲስን ነገር መመልከት ይበጃል። ማቲስ እ.ኤ.አ. በ1930 ወደ ታሂቲ ተጉዞ በዚያ ባሕር ዋኝቶ፣ ዓሣውንና ዛጎሉን አይቶ ተመለሰ፤ ሆኖም ያየውን ወዲያው አልሣለውም። በ1941 ከባድ የሆድ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት እንደ ቀድሞው ቆሞ መሣል በተሳነው ጊዜ መቀስ አነሣ፤ በ1946 በፓሪስ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከነጭ ወረቀት የቆረጣቸውን ዓሦች፣ ወፎችና የባሕር ዕፀዋት እያሰካ ሲሄድ፣ አሥራ ስድስት ዓመት በኅሊናው ተኝቶ የነበረው ባሕር በግድግዳው ላይ ተዘረጋ። በእነዚያ ሥራዎች ላይ ዓሣው ዓይንም ቅርፊትም የለውም፤ ያለው የአካሉ መታጠፍ ብቻ ነው፤ የረዥም ዘመን ትዝታ የሚመርጠው እንዲህ ጥቂቱን ነውና፣ ጀማሪም ያየውን ሁሉ በአንድ ሰሌዳ ላይ ለማጎር ከመጣደፉ በፊት ይህን ቢመለከት መልካም ነው።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ መሠረቱ ከሸራ ይልቅ ስስ ጣውላ ቢሆን ይመረጣል፤ ሸራ ክብደት ሲበዛበት ይረግባልና። አስቀድሞ ውኃው ይሠራል፤ ወረቀቱ በመቀስ ከሚቆረጥ በእጅ ቢቀደድ ጠርዙ ስለሚሻክር ቀለም ይጠጣል፣ ማዕበልም ይመስላል። ሙጫውን በጥቂት ውኃ አቅጥኖ ከወረቀቱ በታችም በላይም መቀባት፣ በውስጡ የቀረውንም አየር ከመካከል ወደ ዳር እየገፉ ማውጣት ያስፈልጋል።

ዓሣው እንደየዓይነቱ ነው። በጣና ብቻ የሚገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች እንዳሉ ሊቃውንት ለይተው ጽፈዋል፤ አጥማጁ ልጅ ግን ይህን ሁሉ አያውቅም፣ ለእርሱ ዓሣ ማለት ነጭ ዓሣ፣ ቆሮሶና አምባዛ ነው። ቆሮሶን ለመሥራት የራሱን ቅርፊት በሳሙና አጥቦ ማድረቅ ይቻላል፤ ሲደርቅ ስለሚጠቀለል በከባድ መጽሐፍ ሥር ማቆየት ግድ ነው። ቅርፊቱ የሚደረደረው ከጅራት ተጀምሮ ወደ ራስ ነው፤ የሣር ቤት ከታች ጀምሮ ወደ ላይ እንደሚከደን ሁሉ፣ የላይኛው ረድፍ የታችኛውን ሥር መሸፈን አለበት። አምባዛ ቅርፊት የለውምና ለእርሱ የሚስማማው ለስላሳ ጥቁር ላስቲክ ነው፤ ጢሙንም ከቀጭን ሽቦ ማውጣት ይቻላል።

የዓሣውን አካል በቀጥታ ማተም የሚወድ ደግሞ ግዮታኩ ከተባለው የጃፓኖች ጥበብ ይማር። አጥማጆቹ የያዙትን ዓሣ አጥበው አድርቀው፣ ቀለም ቀብተው፣ በላዩ ስስ ወረቀት ዘርግተው በጣት እየዳሰሱ መልኩን ያትማሉ፤ ዓይኑ ግን በኅትመት ስለማይወጣ በመጨረሻ በብሩሽ ይሣላል። እንዲህ የታተመው ወረቀት ተቆርጦ በሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ፣ የእውነተኛው ዓሣ ልክና መልክ ከሥዕሉ ውስጥ ይገባል።

የመረብ ቁራጭ፣ ክርና መንጠቆ የሚገቡት ከሁሉ በኋላ ነው። መንጠቆ በሙጫ ብቻ አይያዝም፤ ጣውላውን በስቶ በክር መስፋት ይሻላል፣ ስለቱንም አስቀድሞ በሞረድ ማደንዘዝ ተገቢ ነው፣ ሥዕሉን ሕፃናት መንካታቸው አይቀርምና። በእኔ አስተያየት አንድ መንጠቆ ይበቃል። ብዙዎች ዛጎል፣ አሸዋ፣ የሸምበቆ ስባሪ፣ ያገኙትንም ሁሉ ሲያከማቹበት አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ሰሌዳው የገበያ መደብ ይሆንና ዓሣው የሚዋኝበት ቦታ ያጣል። ከሰሌዳው እኩሌታው ያህል ውኃ ብቻ ሆኖ ቢቀር አይበዛም።

የጋዜጣ ወረቀት የሚጠቀም ሰው፣ በወረቀቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የተባለ የእንጨት ንጥረ ነገር ፀሐይ ሲያገኘው ቢጫ እንደሚያደርገው ይወቅ። የሚሻለው ጽሑፉን በጥሩ ወረቀት ላይ አባዝቶ መለጠፍ፣ በላዩም ቫርኒሽ መቀባት፣ ሥዕሉንም ከመስኮት ፊት አለመስቀል ነው፤ ቢጫ መሆኑን ወደው ሆነ ብለው ፀሐይ ላይ የሚያሰጡትም አይታጡም፣ የጣና ውኃ በክረምት ከዚያ ብዙ አይለይምና አልፈርድባቸውም።