ከእባቡ በፊት ቤቱ

ልጅ «እባብ ግዙልኝ» ሲል ወላጅ ቀድሞ የሚያስበው መርዙን ነው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አይፈረድበትም። በአሜሪካ ለጀማሪ በብዛት የሚመከረው ኮርን ስኔክ ግን መርዝ የለውም። ቀይና ብርቱካናማ ጥለት ያለው፣ ሲያድግ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ፣ ጠባዩ የሰከነ እባብ ነው፤ በደንብ ከተያዘ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይኖራል። ወላጅ ሊጨነቅበት የሚገባው ሙቀቱ ነው። በቤት የሚያዝ እባብ ምግብ እምቢ ሲል፣ ሲታመም ወይም ተቃጥሎ ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመኖሪያ ሣጥኑ አዘገጃጀት ነው።

ከሁሉ በፊት የሚኖሩበትን ግዛት ሕግ ይጠይቁ። በሃዋይ ማንኛውንም እባብ ቤት ማስቀመጥ ክልክል ነው። በጆርጂያ ደግሞ መርዝ የሌላቸው የአካባቢው የዱር እባቦች በሕግ ስለሚጠበቁ፣ ኮርን ስኔክ ከሌላ ግዛት ሱቅ የተገዛ ቢሆን እንኳ ያለ ፈቃድ አይያዝም። በአትላንታና በአካባቢዋ ለሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይህ ሊታወቅ ይገባል። እዚያ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ተወላጅ የሆነው ቦል ፓይተን ይፈቀዳል፤ እሱ ግን የበለጠ እርጥበትና ሙቀት ስለሚፈልግ ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች ለሱ እንዳሉ አይውሰዷቸው።

ሙቀት ለምን?

እባብ እንደኛ ሰውነቱን ከውስጥ አያሞቅም። ሙቀቱን የሚያስተካክለው ቦታ በመቀየር ነው፤ ሲበርደው ወደ ፀሐይ ይወጣል፣ ሲሞቀው ጥላ ሥር ይገባል። የበላው አይጥ የሚፈጨውም በዚሁ ሙቀት ነው። ሆዱ ሞልቶ ከበረደው ምግቡ ሳይፈጭ ይቆይና ያስመልሰዋል። ቅዝቃዜው ሲሰነብት ደግሞ የመተንፈሻ አካል ሕመም ይከተላል።

ስለዚህ ሣጥኑን ዳር እስከ ዳር እኩል ማሞቅ ስህተት ነው። አንዱ ጫፍ ሞቃት፣ ሌላው ቀዝቃዛ መሆን አለበት፤ የት መተኛት እንደሚሻለው የሚወስነው እባቡ ራሱ ነው። ለኮርን ስኔክ በሞቃቱ ጫፍ የሚተኛበት ወለል ከ30 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በአሜሪካ መሣሪያዎች አነጋገር ከ86 እስከ 90 ፋራናይት ቢሆን ጥሩ ነው። ቀዝቃዛው ጫፍ ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ይበቃዋል። ሌሊት ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ቢወርድ አይጎዳውም፤ ዱር እያለም ሌሊቱ ይቀዘቅዛልና።

ሣጥኑ

በጣም ትንሽ በሆነ ሣጥን ውስጥ ሁለት ዓይነት ሙቀት ማቆየት ያስቸግራል፤ ብዙም ሳይቆይ ሁለቱ ጫፎች እኩል ይግላሉ። ላደገ ኮርን ስኔክ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 60 ወርድና 60 ከፍታ ያለው ሣጥን ተስማሚ ነው። ግልገሉን ከዚህ አነስ ባለ ሣጥን መጀመር ይቻላል፤ ከመጀመሪያው በትልቁ ማሳደግ ከፈለጉ ደግሞ መደበቂያ ያብዙለት፣ ገላጣ ቦታ ያስፈራዋል።

መዝጊያው ቁልፍ ይኑረው። ግልገሉ ከእርሳስ ብዙም አይወፍርም፤ ጭንቅላቱ ባለፈበት ቀዳዳ የቀረው አካሉ ተከትሎ ያልፋል። ክዳኑ ላይ መጽሐፍ መጫን መፍትሔ አይደለም፣ ኮርን ስኔክ ሌሊቱን ሙሉ በአፍንጫው እየገፋ የላላውን ቦታ ያገኘዋል።

ማሞቂያውና ጠባቂው

በብዛት የሚሠራባቸው ማሞቂያዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው ከሣጥኑ ወለል ሥር የሚነጠፍ ስስ የኤሌክትሪክ ምንጣፍ ነው፤ በአንድ ጫፍ ከወለሉ አንድ ሦስተኛውን ቢሸፍን ይበቃል። ሁለተኛው እንደ ፀሐይ ከላይ የሚያሞቅ ሃሎጂን አምፖል ሲሆን ቀን ብቻ ይበራል። ሦስተኛው ብርሃን ሳይሰጥ የሚያሞቅ ሴራሚክ ነው፤ ቤቱ በክረምት ሌሊት በጣም ለሚቀዘቅዝ ሰው ይጠቅማል። አምፖልም ሆነ ሴራሚክ ሣጥኑ ውስጥ ከተሰቀለ እባቡ እንዳይጠመጠምበት በሽቦ ወንፊት ይከለል። በሱቅ የሚሸጠውን በኤሌክትሪክ የሚግል ድንጋይ ግን ይተውት። አንዱ ቦታው ከሌላው የበለጠ ይግላል፤ እባብ ደግሞ ከሆዱ ሥር የሚያቃጥለውን ነገር በጊዜ ሸሽቶ አያመልጥም።

የትኛውንም ቢመርጡ በቀጥታ ሶኬት ላይ አይሰኩት። በመካከል ቴርሞስታት ይግባ፤ የተሞላለት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ኃይሉን የሚቀንስ ወይም የሚያቋርጥ እሱ ነው። ያለ ቴርሞስታት የተሰካ ምንጣፍ ከ40 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፤ ቆዳ የሚላጠው እንዲህ ነው። ለምንጣፍ የሚያበራና የሚያጠፋው ቀላሉ ዓይነት ይበቃል። ለአምፖል ግን ብርሃኑን ቀስ እያለ የሚያደበዝዘው ይሻላል፤ አለዚያ አምፖሉ ቦግ እልም ሲል ቶሎ ይቃጠላል።

ቴርሞስታቱ የሚያውቀው በገመድ ጫፍ ያለው ሴንሰር የነገረውን ብቻ ነው። እባቡ ሌሊት በገመዱ ሥር ሲሽሎኮሎክ ሴንሰሩን ከሞቃቱ ወለል አንሥቶ ወደ ቀዝቃዛው ጥግ ይጥለዋል እንበል። ሴንሰሩ «በርዷል» ይላል፣ ማሞቂያውም ሳያቋርጥ ይሠራል፤ ጠዋት ሲታይ ቴርሞስታቱ ላይ የተሞላው ዲግሪ ትክክል ነው፣ የእባቡ መኝታ ግን እንደ ምጣድ ግሏል። ስለዚህ ሴንሰሩን በማይነቃነቅ መያዣ ያሥሩት። ምንጣፍ ከሆነ በሣጥኑ ወለልና በምንጣፉ መካከል ይጣበቅ። ሣጥኑ ውስጥ ፕላስተር አይለጥፉ፤ ከእባቡ ጋር ከተጣበቀ ሲላቀቅ ቆዳውን ይዞ ይነሣል።

ቴርሞስታቱን የሚቆጣጠር ሌላ መለኪያም ያስፈልጋል። መስተዋት ላይ የሚለጠፈው ክብ ቴርሞሜትር እባቡ የሚተኛበትን ወለል አይለካም። በየጫፉ አንድ ዲጂታል ቴርሞሜትር ያኑሩ፤ ከቻሉም ወለሉን ከርቀት የሚለካውን ባለ ኢንፍራሬድ መለኪያ ይጨምሩ።

የቤት ዕቃው

ሁለት መደበቂያ የግድ ነው፣ በየጫፉ አንድ። አንድ ብቻ ከሆነ እባቡ ከመጋለጥ ይልቅ መብረድን ወይም መቃጠልን ይመርጣል። መደበቂያው ተጠቅልሎ ሲገባበት ጎኑን የሚነካ ጠባብ ይሁን።

ለወለሉ የአስፐን ዛፍ ሰጋቱራ ይስማማል፤ እባቡ ይቦረቡርበታል። የሴዳርና የፓይን ሰጋቱራ ግን መዓዛማ ዘይቱ ሳንባውን ስለሚጎዳ አይነጠፍ። ምንጣፍ ማሞቂያ ካለ ሰጋቱራው እዚያ ጫፍ ላይ ስስ ይሁን፤ ከወፈረ ሙቀቱን ከሥር ያፍነዋል።

የአየሩ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ይበቃል። ዓይኑ ደፍርሶ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ ቆዳውን ሊጥል ነው፤ ያን ጊዜ እርጥብ ወረቀት ያለበት ክዳናማ ዕቃ ያስገቡለት። ውኃው በየጊዜው ይለወጥ፣ ሳሕኑም የማይገለበጥ ከባድ ይሁን።

እባቡ ሲመጣ

ሣጥኑ ባዶውን ለጥቂት ቀናት ይሥራ። ጠዋት፣ ቀትርና ሌሊት ሁለቱንም ጫፎች ለክተው ይጻፉ። ቁጥሩ ሲረጋ እባቡን ያምጡ። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ያህል ሳይነካ ይቆይ፤ ልጅ ይህን መታገሥ ከከበደው ዝግጁ አይደለም ማለት ነው።

ምግቡ በረዶ ሆኖ የሚሸጥ የሞተ አይጥ ነው። በሕይወት ያለ አይጥ እባቡን ነክሶ ሊያቆስለው ይችላል። የአይጡ ውፍረት ከእባቡ ወገብ ብዙም አይብለጥ። ለግልገል በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ላደገው በ10 ወይም በ14 ቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። በረዶው ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ይልቀቅ፣ ከዚያ በሙቅ ውኃ ይሞቅ፤ ማይክሮዌቭ አይሆንም። ለክትፎ ከተቀመጠው ሥጋ ጎን እንዳይውል አይጡ የራሱ ክዳናማ ዕቃ ይኑረው። ከበላ በኋላ ሁለት ቀን አይያዝ።

እባብ የታመመ ሳይመስል ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከነኩት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ሳሕኑም በወጥ ቤት ገንዳ አይታጠብ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች፣ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ አረጋውያንና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ተሳቢ እንስሳትን እንዳይነኩ ይመክራል። አያት ወይም ሕፃን ባለበት ቤት ይህ ከመግዛት በፊት መወያያ ነው።

ከዚያ በኋላ ሙቀቱ መስተካከሉን እባቡ ራሱ ይነግርዎታል። ቀኑን ሙሉ ከሞቃቱ ጫፍ ካልተነሣ ሣጥኑ በርዷል። ከቀዝቃዛው ጫፍ ካልወጣ ወይም ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ከዋለ በጣም ሞቋል፤ መዘፍዘፉ ከጥገኛ ተባይም ሊሆን ይችላል። አፉን ከፍቶ ከተነፈሰ ወይም በአፍንጫው አረፋ ከታየ ግን ጉዳዩ ቴርሞስታት ከማስተካከል አልፏል፤ ተሳቢ እንስሳትን የሚያክም ሐኪም ዘንድ በዚያው ቀን ይወሰድ። የሐኪሙን አድራሻ ፈልጎ መያዝም እባቡ ከመገዛቱ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው።