አዲስ ጥርስ አይሞረድም

የስምንት ዓመቷ ልጅ ቀዝቃዛ ውኃ በተጎነጨች ቁጥር ፊቷን ታጨማድዳለች። የሁለቱ የላይ የፊት ጥርሶቿ ጫፍ በማስመሪያ የተሰመረ ያህል ቀጥ ብሏል። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለ ጫፍ አይጠበቅም። እናቷን ብጠይቃቸው፣ "መጋዝ መስሎ ሲወጣባት ጊዜ ክሊኒክ ወስጃት ሞረዱላት፣ ዶክተር" አሉኝ። እሳቸውን አልወቅስም፤ የከነከነኝ የሞረደው ባለሙያ ነው።

ይህን መጋዝ ያላየ ወላጅ የለም። አንዱ ተሸረፈ ይላል፣ ሌላው ከረሜላ በላው፣ ሌላው ካልሲየም አነሳት። አንዱም እውነት አይደለም! የመካከለኛው የፊት ቋሚ ጥርስ ጠንካራ ክፍል መሠራት የሚጀምረው ሕፃኑ ከ3 እስከ 4 ወር ሲሆነው፣ መንጋጋ አጥንት ውስጥ ነው። የፊት ገጹ ጎን ለጎን ከሚያድጉ ሦስት ክፍሎች ይገነባል፤ ክፍሎቹ ሲጋጠሙ ጫፉ ላይ ሦስት ትንንሽ ጉብታዎች ይቀራሉ። በሙያው ስማቸው ማሜሎን ነው። ቃሉ ፈረንሳይኛ ሲሆን የጡት ጫፍ ማለት ነው፤ ክብ ኮረብታንም ይጠሩበታል። ስሙ የሚናገረው ስለ ክብ ጉብታ እንጂ ስለ ስብራት አይደለም። ጥፍርዎን በልጅዎ ጥርስ ጫፍ ላይ ቢያንሸራትቱ ልዩነቱ ይገባዎታል፤ የተሸረፈ ጥርስ ይቧጭራል፣ ማሜሎን ግን ለስላሳ ነው።

ኢናሜል፣ ማለትም የጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን፣ አንዴ ከተሞረደ አይተካም፤ የሚሠሩት ሴሎች ጥርሱ ድዱን ቀዶ ሲወጣ ያበቃላቸዋል። በ8 ዓመት ደግሞ የጥርሱ ሥር ገና አላለቀም፣ ነርቭና የደም ሥር የያዘው የውስጥ ክፍልም ሰፊ ነው፤ ቀዝቃዛ ውኃ የልጅቷን ፊት የሚያስጨማድደው ለዚህ ነው። ይህን የጥርስ ሐኪም የሆነ ሁሉ ተምሮታል። ታዲያ ማሽኑን ምን አስነሳው? ወላጅ ስለጠየቀ ብቻ ጤነኛ ጥርስ አይነካም። አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ ማስረዳት የሕክምናው አካል ነው፤ እኔ ከብዙ መሙላትና መንቀል ይልቅ የምኮራው በዚያ አምስት ደቂቃ ነው።

ጉብታዎቹ የላይና የታች ጥርሶች ሲፋተጉ በራሳቸው ይጠፋሉ። ልጁ ጎረምሳ ሆኖም ካልጠፉ ጥርሶቹ አይነካኩም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ጣት የመጥባት ልማድ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ክፍተት ይተዋል። ያኔ ይምጡ፤ የምናየው ግን ንክሻውን ነው።