ክርስቲያን ጓደኞቻችን መጽሐፋቸውን «የአምላክ እስትንፋስ» የሚሉት ለምንድን ነው?



በአቦቦም ሆነ በጋምቤላ ከተማ እኛ ሙስሊሞች ቁጥራችን ጥቂት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት ከክልሉ ሕዝብ 70 በመቶ ያህሉ ፕሮቴስታንት፣ 17 በመቶ ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 5 በመቶ ያህሉ ሙስሊም ነው። ስለዚህ የዶርም ጓደኛችን፣ የላብ ቡድናችን አባል፣ አቦቦ ገበያ ላይ ከጎናችን የሚነግደው ጎረቤታችን አብዛኛውን ጊዜ ክርስቲያን ነው። ስለ ሃይማኖት መነጋገራችን አይቀርም። ታዲያ እንዴት እንነጋገር?

ንግግሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አንድ ቦታ ላይ ነው። ከእኛ አንዱ 2ኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ 4 ቁጥር 13ን ይገልጣል። እዚያ ላይ ጳውሎስ በጢሮአዳ የተወውን በርኖስና መጻሕፍቱን እንዲያመጣለት ጢሞቴዎስን ይጠይቃል። «የአምላክ ቃል ከሆነ አምላክ በርኖስ ይለብሳል እንዴ?» ይባላል፤ ይሳቃል። ክርስቲያኑ ልጅ ወይ ይቆጣል ወይ ዝም ይላል። ዝም ማለቱ ግን መረታቱ አይደለም፤ እሱ ያላለውን ነገር ስለጠየቅነው ነው።

«የአምላክ ቃል» ስንልና ሲሉ

ለእኛ ቁርኣን ቃሉም ትርጉሙም ከአላህ (ሱ.ወ.) ነው። ጂብሪል (ዐ.ሰ.) በ23 ዓመታት ውስጥ አወረደው፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ተቀብለው አደረሱን እንጂ አንዲት ቃል ከራሳቸው አልጨመሩበትም።

በአካባቢያችን ያሉት ቤተ ክርስቲያናት ግን መጽሐፍ ቅዱስ እንዲህ ወረደ አይሉም። እነሱ የሚሉት፦ አምላክ ሰዎችን መረጠ፤ መንፈስ ቅዱስ እየመራቸው በገዛ ቋንቋቸው፣ ዕውቀታቸውና ጠባያቸው ጻፉ፤ የተጻፈውም አምላክ እንዲጻፍ የፈቀደው ሆነ። ለምሳሌ ሉቃስ በወንጌሉ መግቢያ ላይ ከዓይን ምስክሮች የተላለፈውን በጥንቃቄ ተከታትሎ እንደጻፈ ይናገራል። እኛ ይህን ስናነብ «ወህይ አለመሆኑን ራሱ መሰከረ» እንላለን። እነሱ ግን መንፈስ ቅዱስ በሰው ጥረት ውስጥ እንደሠራ ማሳያ ያደርጉታል። የበርኖሱ ጉዳይም እንደዚሁ ነው፤ እስር ላይ ያለ ሰው የጻፈው እውነተኛ ደብዳቤ መሆኑ ከእምነታቸው ጋር አይጋጭም።

ከዚህም የጠለቀ ልዩነት አለ። ለክርስቲያኖች «የአምላክ ቃል» በመጀመሪያ ደረጃ መጽሐፍ ሳይሆን ኢየሱስ ራሱ ነው፤ የዮሐንስ ወንጌል የሚጀምረው በዚህ ነው። መጽሐፉ ስለ እሱ የሚመሰክር ነው። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ቁርኣን የያዘውን ቦታ በእነሱ ዘንድ የያዘው ሰው ነው።

ለመረዳት ያህል ሐዲስ ቁድሲይን እናስታውስ። ብዙ ዑለማዎች እንደሚሉት የሐዲስ ቁድሲይ ትርጉም ከአላህ ነው፤ አነጋገሩ ግን የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነው። ሁለቱ አንድ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ ሐዲስ በኢስናድ ይመረመራል፣ ተናጋሪውም ነቢይ ናቸው። ነገር ግን መለኮታዊ ሐሳብ በሰው አነጋገር መምጣቱ ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አለመሆኑን ያሳያል።

ምክንያቶቻቸው

1. መጽሐፉ ስለ ራሱ የሚለው። 2ኛ ጢሞቴዎስ 3፥16 ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ሲናገር የሚጠቀምበት «ቴኦፕኒውስቶስ» የሚለው የግሪክ ቃል «አምላክ የተነፈሰው» እንደማለት ነው። ልብ በሉ፤ በርኖሱ የተጠየቀው በዚሁ ደብዳቤ ውስጥ ነው። የተማሩ ክርስቲያኖች ራሳቸው አንድ መጽሐፍ ስለ ራሱ መናገሩ ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን ስለሚያውቁ እዚህ ላይ አይቆሙም።

2. የኢየሱስ ሥልጣን። ኢየሱስ ተውራትንና መዝሙራትን የአምላክ ቃል አድርጎ እንደጠቀሰ፣ ለደቀ መዛሙርቱም መንፈስ ቅዱስ እንደሚያስተምራቸውና እንደሚያስታውሳቸው ቃል እንደገባ (ዮሐንስ 14፥26) ያምናሉ። በእሱ ያመነ ሰው መጽሐፉንም በእሱ ቃል ይቀበላል።

3. ትንቢት። በብዛት የሚጠቅሱት ኢሳይያስ ምዕራፍ 53ን ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 በሙት ባሕር አቅራቢያ በዋሻ የተገኘው የኢሳይያስ ጥቅልል ከክርስቶስ ልደት ከ100 ዓመት በላይ ቀድሞ የተጻፈ ነው። ስለዚህ «በኋላ የተጨመረ ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም። ክርክሩ ምዕራፉ ስለ ማን ይናገራል የሚለው ነው፤ አይሁድ በሌላ መንገድ ይተረጉሙታል።

4. የቤተ ክርስቲያን ቅብብሎሽ። ይህን አጥብቀው የሚይዙት ኦርቶዶክሶች ናቸው። የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ እ.ኤ.አ. በ367 የአዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ዘርዝሯል። ፍሬምናጦስን፣ ማለትም አባ ሰላማን፣ የአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመውም እሱ ነው።

5. የልብ ምስክርነት። በጋምቤላ በጣም የምንሰማው ይህን ነው፤ ምክንያትም አለው። በባሮ ዳር ፖክዎ ላይ በአኙዋ ሕዝብ መካከል የሠሩት አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን ፕሬስቢቴሪያን ነበሩ። ከፕሬስቢቴሪያኖች ሥራ የተነሳችው ቤቴል ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። የፕሬስቢቴሪያኖች አባት የሚባለው ጆን ካልቪን መጽሐፉ የአምላክ መሆኑን በመጨረሻ የሚያረጋግጠው መንፈስ ቅዱስ በአንባቢው ልብ ውስጥ የሚሰጠው ምስክርነት ነው፤ ሌሎቹ ማስረጃዎች አጋዥ ናቸው ብሎ አስተምሯል። ጓደኛችን «ሳነበው ሕይወቴን ለወጠው» ሲል ከጥያቄ መሸሹ አይደለም፤ የተማረውን መልስ እየሰጠን ነው።

የምንለያይበት

ይህን ሁሉ መረዳት መቀበል አይደለም። ወደ ዒሳ (ዐ.ሰ.) ኢንጂል፣ ወደ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ተውራት መውረዱን እናምናለን፤ ይህ የኢማናችን ማዕዘን ነው። ቁርኣን ግን ከእሱ በፊት በነበሩት ላይ ጠባቂና ፈራጅ መሆኑን ሱረቱል ማኢዳ (5፥48) ያስተምረናል። ልብ መነካቱ ትልቅ ነገር ነው፤ በሲራ መጻሕፍት ዑመር (ረ.ዐ.) ሱረቱ ጣሃን ሰምተው ልባቸው እንደተለወጠ ይተረካል። ግን የልብ መነካት ብቻውን እውነትን ከስሕተት አይለይም፤ የሌላ እምነት ተከታይም ይነካልና። እውነተኛው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የትኞቹ መጻሕፍት ናቸው እስትንፋስ ያለባቸው? የመካነ ኢየሱሱ ጓደኛችን 66 ይቆጥራል፣ ካቶሊኩ 73፣ ኦርቶዶክሱ ደግሞ ሄኖክንና ኩፋሌን ጨምሮ 81። ማን ወሰነ? በምን ማስረጃ? ይህ ያለ ስላቅ ሊጠየቅ የሚገባው፣ እነሱም የሚያስቡበት ጥያቄ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ጓደኛችን የሚያምነውን ከራሱ አንደበት እንስማ። ሱረቱል ማኢዳ (5፥8) የምንጠላቸው ሕዝቦች ላይ እንኳ ፍትሕ እንዳናጓድል ካዘዘን፣ ምሳ አብረን በምንበላው ጓደኛ ላይማ ያላለውን ማስባል እንዴት ይፈቀድልናል?

ሁለተኛ፣ የመጽሐፉ ባለቤቶችን በመልካሚቱ መንገድ እንጂ እንዳንከራከር ታዘናል (አል-ዐንከቡት 29፥46)። በርኖስ እያነሱ መሳቅ መልካሚቱ መንገድ አይደለችም።

ሦስተኛ፣ የራሳችንን አንደብቅ። ጃዕፈር (ረ.ዐ.) በነጃሺ ፊት ሱረቱ መርየምን አነበቡ፤ ስለ ዒሳም (ዐ.ሰ.) ሲጠየቁ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ ናቸው ብለው እውነቱን ተናገሩ። አላከበሩም አልተባሉም፤ ያመኑበትንም አልሸሸጉም። በዚህች አገር የመጀመሪያው የሙስሊምና የክርስቲያን ንግግር ይህ ነበር። እኛም ዶርማችን ውስጥ ከዚህ ባነሰ አደብ አንነጋገር።

ወላሁ አዕለም።