ርካሹ ውኃ የትኛው ነው?

በኢታንግ የመጠጥ ውኃ የሚፈልግ ሰው የባሮ ወንዝ፣ ቧንቧና የታሸገ ውኃ አማራጮቹ ናቸው። ባሮ ገንዘብ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ በነጻ የተገኘ ሁሉ ርካሽ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በጋምቤላ ክልል የተከሰተው ኮሌራ ሕይወት ቀጥፏል። የሕክምና ወጪና ተዘግቶ የሚውል ሱቅም የውኃው ዋጋ ናቸው።

የታሸገው ውኃ ከመሐል አገር ሲመጣ ረዥም የጭነት ወጪ ይጨመርበታል። ለመንገደኛ ቢያዋጣም ለቤተሰብ የዕለት ፍጆታ ይከብዳል።

ከደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጉረፍ የጀመሩት በ2006 ዓ.ም. ነበር። ውኃ በቦቴ ማመላለስ ውድ በመሆኑ፣ በዩኒሴፍ ድጋፍ በባሮ አቅራቢያ ጉድጓዶች ተቆፍረው ለኢታንግ ከተማ እንዲሁም ለኩሌና ለቲርኪዲ መጠለያዎች መስመር ተዘረጋ። የፓምፑና የመስመሩ ወጪ ለብዙ ደንበኛ ሲከፋፈል የአንድ ጀሪካን ድርሻ ያንሳል። በዋጋም በጤናም ሲመዘን ቧንቧው ይመረጣል።

ነገር ግን የቧንቧ ውኃም በቆሸሸ ጀሪካን ይበከላል። ጀሪካኑን ማጠብ፣ ክዳኑን መዝጋት፣ ጥርጣሬ ካለም እንደ ውኃ አጋር ያለ ክሎሪን በመመሪያው መጠን ጨምሮ ለ30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ቧንቧው ሲቋረጥና ወደ ባሮ መሄድ ግድ ሲሆን ጥንቃቄው ይለያል። በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ክሎሪን ጉልበቱ ይደክማል። ስለዚህ አስቀድሞ ማጥለልና ማዝቀጥ፣ ወይም ጭቃውን አዝቅጦ ተህዋስያንን የሚገድለውን ቢሻን ጋሪ መጠቀም ይገባል። ማፍላትም አስተማማኝ ነው፤ የከሰሉን ሒሳብ ግን መዘንጋት አይገባም።