ከአያት የተወረሰ ሰዓት

በአያቴ የእጅ ሰዓት ገጽ ላይ አራት ቍጥር የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መልኩን አሳምራለሁ ብዬ የመስተዋቱን ቀለበት በሰንጢ ጫፍ ፈልቅቄ አነሣሁና ቢጫ የመሰለውን ገጽ በረጠበ ጥጥ ጠረግሁት። ጥጡ ቍጥሩን ይዞት መጣ። አያቴ ሰዓታቸውን በአገራችን አቈጣጠር ያስተካክሉ ስለ ነበር፣ አራት ለእሳቸው የረፋድ ቡና የሚጠጣበት ጊዜ ነበር። እናቴ ነገሩን ስትሰማ ሣቀች፤ እኔ ግን አልሣቅሁም።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰዓት የደረሰው ወጣት ሁሉ አስቀድሞ እጁን ከገጹ ላይ ይሰብስብ። ቍጥሮቹና ጽሑፎቹ በስስ ቀለም የታተሙ ስለ ሆኑ እርጥበት አይችሉም። ቢጫነቱም አብዛኛውን ጊዜ የዕድሜ ምልክት እንጂ እድፍ አይደለም።

ሌላም ከባድ ምክንያት አለ። በአውሮፓ አቈጣጠር እስከ 1960ዎቹ ድረስ፣ በጨለማ እንዲያበሩ ከተሠሩት ሰዓቶች ብዙዎቹ ቍጥራቸው ራዲየም በሚባል ጨረር አፍላቂ ንጥረ ነገር የተቀባ ነበር። በ1920ዎቹ በአሜሪካ ይህን ቀለም ሲቀቡ የብሩሻቸውን ጫፍ በከንፈራቸው ያሾሉ ከነበሩት ወጣት ሴቶች መካከል የመንጋጋ አጥንታቸው እየበሰበሰ የሞቱ አሉ። ዛሬ እነዚያ ሰዓቶች አያበሩም፤ ነገር ግን ያለቀው ብርሃን ሰጪው ዱቄት እንጂ ራዲየሙ አይደለም። የራዲየም ኃይል በግማሽ እስኪቀንስ 1,600 ዓመት ያህል ይፈጃል። እንዲህ ያለውን ሰዓት ከፍቶ መፋቅ፣ አቧራውንም በአፍ እፍ ማለት ከቶ አይገባም። የእኔው ሰዓት ይህ ቀለም ያልነበረበት መሆኑ ዕድሌ እንጂ ብልኅነቴ አይደለም።

ታዲያ በቤት ውስጥ ምን ይጸዳል? ቀፎው ነው። ማሰሪያው ተፈትቶ፣ በሥሩ የተጋገረው የላብና የአቧራ እድፍ በሾለ የክብሪት እንጨትና በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይለቃል። ከዚያ በኋላ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ማበስ ይበቃል። ከቧንቧ ሥር ማስገባት ግን ሰዓቱን መግደል ነው፤ በጀርባው ላይ «ውሃ አያስገባም» ተብሎ ቢጻፍም፣ ውሃውን ይከላከል የነበረው ጎማ ደርቋል። መስተዋቱ ፕላስቲክ ከሆነ ጥቃቅን ጭረቱ በትንሽ የጥርስ ሳሙና ሲታሽ ይጠፋል። አልኮል አይነካው፣ ይሰነጥቀዋልና። በወርቅ የተለበጠውንም ቀፎ ደጋግሞ መወልወል ወርቁን መጨረስ ነው።

ሲሞላም ከእጅ ወልቆ፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ እንቢ እስኪል ብቻ ይሞላ።

የውስጡ ሥራ ግን የእኛ አይደለም። ብዙዎቹ የቀድሞ ሰዓቶች በሰከንድ 5 ጊዜ፣ በቀን 432,000 ጊዜ ይመታሉ። ይህን ሁሉ ምት የሚሸከሙት ዘንጎች ጫፋቸው እንደ ጠጉር የቀጠነ ነው፤ ዘይታቸው ከደረቀ ሰዓቱ እየሄደ ራሱን ይበላል። ደኅና ይሄዳል ማለት ጤነኛ ነው ማለት አይደለም።

የእኔን የወሰድሁት የሰፈራችን አዛውንት ሰዓት ሠሪ ዘንድ ነው። የጀርባውን ክዳን ከፍተው በማጉያ አሳዩኝ፤ በውስጥ በኩል ከእሳቸው በፊት የጠገኑት ሰዎች በመርፌ የጫሯቸው ሦስት ምልክቶች አሉ። አያቴ ሦስት ጊዜ አሳድሰውት ኖሯል። እግረ መንገድዎን አራቱን ቍጥር ይጻፉልኝ ብላቸው፣ «ልጄ፣ እኔ የሆዱ ሐኪም ነኝ፤ ፊቱን ተወው» አሉና አራተኛውን ምልክት ጫሩ።